ሁለት መስኮት፣ አንድ ወንበር

ባለፈው ሳምንት በቢሯችን አንድ ወጣት የሠራውን ሲስተም ሊያሳየኝ ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ከፈተ። አንዱ ዕቃው ተሸጧል ይላል፤ ሌላው አልተሸጠም ይላል። «ችግር የለውም፣ ማታ ይናበባሉ» አለኝ። ከልክ በላይ ጮህሁበት። ልጁ ደነገጠ፤ እኔ ግን የተቆጣሁት እሱን አልነበረም።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለአንድ የአውቶቡስ ማኅበር የትኬት ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ወጉ የወንበሮቹን ዝርዝር አንድ ቦታ አኑሮ፣ የፍኖተ ሰላሙም የቡሬውም የትኬት መስኮት እሱኑ እያየ እንዲሸጥ ማድረግ ነው። ይህን ተምሬዋለሁ። የኔትወርክ መስመሩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ ግን ለየመስኮቱ የራሱን ቅጂ ሰጠሁና ማታ ማታ እንዲናበቡ አደረግሁ። እንዲያውም ብልሃተኛ ነኝ ብዬ ነበር።

በዚያ ኅዳር አባቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ዱርቤቴ ተነሣ። የምወዳት ልጅ ቤተሰቦች ቀን ቀጥረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ዘመድ ሰብስበው ይጠብቃሉ። ሦስቱም የታጠበ ጋቢ ለብሰው፣ የገብስ ቆሎ ቋጥረው፣ ዳርና ዳሩ ጤፍ በሚታጨድበት መንገድ በዚያው ማኅበር አውቶቡስ በማንኩሳ አልፈው ቡሬ ደረሱ። እዚያ የእነሱኑ ወንበር ትኬት የቆረጡ ሦስት መንገደኞች ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሟገት ነበር። ለሽምግልና የወጣ ሰው ግን በወንበር አይጣላም፤ ገዱ ይበላሻል ብለው ወረዱ። ሌላ መኪና ሲጠብቁ መሸ፤ ቀጠሮው አለፈና ወደ ቤት ተመለሱ።

«አሳፈርሁህ ልጄ» አለኝ አባቴ፣ ገና ከበሩ ሳይገባ።

«እርስዎ አይደሉም አባየ። ወንበሩን ሁለት ጊዜ የሸጠው የእኔ ፕሮግራም ነው» አልሁት።

ገብቶ ተቀመጠ። «ታዲያ ለልጅቱ አባት የልጄ ማሽን ጣለን ልበለው? በሙያህ አይደል ልጁን ሊሰጥህ ያሰበ?»

ሁለቱን ሽማግሌዎች እንዳይናገሩ አፋቸውን አስያዘና በሳምንቱ ብቻውን ዱርቤቴ ሄደ። «አረጀሁ፣ ቀኑን ዘነጋሁት፤ ይቅር በሉኝ» አላቸው። ቀጠሮ አዛንፎ የማያውቅ ሰው! ሳቁበት፤ ልጅቱን ግን ዳሩልኝ።

ፕሮግራሙን ወዲያው አስተካከልሁት። የአባቴን ነገር ግን ሁለት ቅጂ እንደሆነ ተውሁት፤ እውነቱ እኔ ዘንድ፣ ዘነጋሁ ያለው ባለቤቴ ዘንድ። በሕይወት ሳለ እነግራታለሁ እያልሁ አረፈ። አሁን ብናገር ለእሱ ምን ይጠቅመዋል እላለሁ፤ ይህም ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ፣ አፍርበታለሁም።

ልጃችን ከቀጠሮ በዘገየ ቁጥር ባለቤቴ «አያቱን ወጣ፣ እሳቸውም ቀን አይቆጥሩም ነበር» ትላለች። ቤቱ በሙሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።