ባሕሩ የሚመለስበት ሰዓት

ደባርቅ ውስጥ የተራራ አስጎብኚ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከሥራዬ የሚበዛው ምክር ነው። ከተራራው መግቢያ፣ ቡይት ራስን ሳናልፍ ለእንግዶቼ እነግራቸዋለሁ፦ ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ባርኔጣ አድርጉ፣ ገደል አፋፍ ላይ ፎቶ ለመነሣት ብላችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። ግማሾቹ ይሰሙኛል። ያልሰሙኝ በማግሥቱ ራሳቸውን በሻሽ አስረው ሲቀመጡ አያለሁ። አልፈርድባቸውም፤ ግን ይህን ያህል መንገድ አቋርጦ የመጣ ሰው የአገሬውን ቃል ለምን እንደማይሰማ አይገባኝም ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ዛንዚባር ደሴት ላይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ኑ፣ ባሕር እዩ፣ ስትለን ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ ዳባት ታስተምራለች። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ተራራውም በጭጋግ ይዋጥና እንግዳ ይጠፋል። ሁለታችንም ሥራ የምንፈታው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ አንድ ነሐሴ ለመሄድ ቆረጥን።

ከመነሣታችን በፊት እህቷ በስልክ ድምፅ እየቀዳች ምክሯን ላከችልን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፣ አየር ማረፊያ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ወፍራም ልብስ ተዉ፣ ሳሳ ያለ ጥጥ ይበቃል። ሕዝቡ እስላም ነው፤ ከባሕሩ ዳር ወጥታችሁ መንደር ስትገቡ ሴት ትከሻዋንና ጉልበቷን ትሸፍን፣ ወንድም ያለ ሸሚዝ አይዙር። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። በመጨረሻ ለእኔ ብቻ አንድ መልእክት ነበራት።

«ጋሼ፣ ከሁሉም በላይ የላስቲክ ጫማ እንዳትረሳ። ያ ገበሬ የሚያደርገው ኮንጎ ይበቃል።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በኮንጎ ጫማ ነው ገበያ የወጣው የወረደው። እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ ኮንጎ መያዝ አልታየኝም። ባለቤቴ ግን የራሷን ከሻንጣው ሥር ከተተች።

እንደደረስን የመታኝ ሙቀቱ ነው። ደጋ የኖረ ሰው እዚያ አየሩ ይከብደዋል፤ ልብሱ ከገላው አይላቀቅም። የመጀመሪያውን ቀን ተኝቼ ዋልሁ። እህቷ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጥላ እንዳንወጣ፣ ስንወጣም የፀሐይ ቅባት እንድንቀባ ነገረችን። እኔ የሰሜን ተራራ ፀሐይ ያጠቆረኝ ሰው ነኝና ቅባቱን አልነካሁትም። የባሕሩ ነፋስ ቃጠሎውን ያስረሳል፤ በሁለተኛው ቀን ማጅራቴ ተላጠ።

ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር የባለቤቴ ጭንቀት ምግብ ነበር። እህቷ ለወጥ ቤቱ አስቀድማ ተናግራ ኖሮ ባቄላ የመሰለ ቀይ ጥራጥሬ በነጭ መረቅ ተሠርቶ ከሩዝ ጋር ቀረበ። ባለቤቴ ነጩን ነገር አይታ እጇን ሰበሰበች። ወተት አይደለም፣ የኮኮናት ነው ቢሏት አላመነችም። ኋላ ወጥ ቤቱ ራሱ አንድ ኮኮናት ይዞ መጣ፤ ፊት ለፊቷ ሰነጠቀው፣ ፈቀፈቀ፣ በውሃ አሽቶ ጨመቀና ሳህን ላይ አጠለለላት። አየችው፤ ከዚያ በላች። እስክንመለስ ድረስ ሌላ ምግብ አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንወጣ ባሕሩ የለም። ትናንት እግራችን ሥር የነበረው ውሃ ሸሽቶ፣ ነጭ የማዕበል መስመር ሩቅ ላይ ብቻ ይታያል። በመካከሉ እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና ኩሬ ነው። ሴቶች አጎንብሰው በተተከሉ ችካሎች መካከል በገመድ ላይ የባሕር ተክል ያስራሉ። ባሕሩ በየቀኑ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ፣ ሰዓቱም ሆቴሉ በር ላይ በወረቀት እንደሚለጠፍ እህቷ ነግራን ነበር።

ርቀት በዓይኔ መለካት ሥራዬ ነው። እስከ ነጩ መስመር ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ብዬ ገመትሁ።

«ወረቀቱን አይተኸዋል?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ሜዳ እኮ ነው» አልኋት።

እሷ ዳር ቀረች። እኔ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ሄድሁ።

ኩሬዎቹ ውስጥ ያየሁት አሣና ቀንድ አውጣ ጊዜውን አስረሳኝ። ውሃ ሲመጣ እንደ ወንዝ ደራሽ ድምፅ የሚያሰማ፣ ደግሞም ከፊት ለፊቴ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ድምፅ አልነበረውም። የመጣውም ከኋላዬ ነው፤ በእኔና በመሬቱ መካከል የነበረውን ረባዳ ሞልቶት ሳየው ነው የነቃሁት። ስቸኩል አንድ ጥቁር፣ እንደ ጃርት እሾኹን ያቆመ ፍጥረት ረገጥሁ። ሕመሙ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ውሃውም ጭኔ ደረሰ። ዋና አላውቅም።

ተክል የምታስር አንዲት ሴት ጆንያዋን በራሷ ተሸክማ ስትመለስ አይታኝ ተጣራች። እጇን የዘረጋችው ወደ መሬቱ ሳይሆን ወደ ጎን ነበር። ከዳርቻው የሚያርቀኝ መሰለኝና ቆሜ ቀረሁ። ተመልሳ መጣች፤ የእጄን አንጓ ያዘችና «ፖሌ፣ ፖሌ» አለች። ቀስ በል ማለት እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት። ከውሃው በታች ከፍ ያለ የአሸዋ ጀርባ ነበረ። በእሱ ላይ ረጅሙን ዞረን ውሃው ከጉልበታችን ሳያልፍ ወጣን። ያን ሁሉ መንገድ ያሰብሁት፣ በዙሪያ ጥምጥም ሳስኬዳቸው የሚያጉረመርሙ እንግዶቼን ነው።

ባለቤቴ ልብሷ እስከ ወገቧ ርሶ ውሃው ውስጥ ቆማለች።

«ስጣራ አልሰማኸኝም» አለች።

ሴትዮዋ እግሬን አየች። እሾኹን በመርፌ ልቆፍር ስል እጄን መታችው። ከመንደሩ ጥሬ ፓፓያ አምጥታ ጫረችና ወተት የመሰለውን ነጭ ፈሳሹን ቁስሉ ላይ አንጠባጠበች፣ ሎሚም ጨመቀችበት። ከሁለት ቀን በኋላ እሾኹ እየለሰለሰ ወጣ።

እነዚያን ሁለት ቀኖች እግሬን ሰቅዬ አሳለፍሁ። መጀመሪያ የተቀመጥሁት ኮኮናት ዛፍ ሥር ነበር፤ እህቷ ፍሬው ራስ ይፈነክታል ብላ አስነሣችኝ። ባለቤቴ ግን ሰዓቱን ከወረቀቱ እያየች፣ ኮንጎዋን አድርጋ፣ ከሴትዮዋ ጋር ባሕር ወረደች። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ተክሉን በገመድ ማሰር ተማረች። ከሩቅ ሳያቸው ማንኛዋ ማን እንደሆነች መለየት ያቅተኝ ነበር። ስንሄድ ሴትዮዋ መንገድ ድረስ ሸኘቻት፤ እግሬን በጣቷ አሳይታም ሳቀችብኝ።

ከተመለስን በኋላ ከባለቤቴ ጋር የሚያስተምር አንድ ወጣት ሚስት ሊያገባ ነበርና ለጫጉላ እዚያው ለመሄድ አስቦ ቤታችን መጣ። ስለ ክትባቱ ካርድ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ወረቀቱ አንድ በአንድ ነገርነው። ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ሲጨርስ ቀና ብሎ፦

«ባሕሩስ ያምራል?» አለ።

ይህን ሁሉ ስናወራ አንዳችንም አላነሣነውም ነበር።

«ያምራል» አለች ባለቤቴ፤ «በጠዋት፣ ውሃው ሞልቶ ሳለ ውጡ። ምንም ሳትሠሩ ተቀመጡ።»

እሱንም ጻፈው።