የእህቴ ልጅ መርከብ ክርስትና

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ ሜፕልዉድ

ከምኖርበት ከክሪስታል ከተማ ተነሥቼ ስደርስ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘውዴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድፎ ዳቦ ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ልጇ ሊዲያ የባሕር ኃይል ባልደረባ ናት፤ የተመደበችበት አዲስ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ኮኔቲከት ውስጥ ስም ሊወጣለት፣ ክርስትና ሊነሣ ነው። ሊዲያ ባሕር ሳትገባ የእናቷን ምርቃት ትፈልጋለች። እትዬ ዘውዴ ግን "ውሃ ውስጥ ለምትገባ ልጅ አልመርቅም" ካለች ዓመት አለፋት። ከክርስትናው ደግሞ አልቀርም ትላለች፤ ፍረዱኝ እንግዲህ።

ከቀትር በኋላ፣ ኢንዲያና

የቺካጎ ትራፊክ አሳራችንን አበላን። ነዳጅ ማደያ ቆመን ዳቦውን እንገምጣለን።

"መርከቡ ወንድ ነው ሴት?" አለችኝ።

"እነሱ በእንግሊዝኛው 'ሺ' ነው የሚሉት፤ ሴት ናት።"

"እንግዲያ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሣው?"

"ኧረ እትዬ፣ ተሠርታ እስክታልቅ እንኳ ዓመታት ፈጅታለች።"

"እስከዛሬ አላስነሷትም? ምን ዓይነት ወላጆች ናቸው!"

ሳቄን አፍኜ ሞተር አስነሣሁ።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ኮኔቲከት

ሊዲያ በነጭ ዩኒፎርሟ ተቀበለችን። "ማም፣ ዩ ኬም!" እናቷ ጉንጯን ሳመች፤ ስለ ምርቃቱ ግን ትንፍሽ አላለችም። ልጅቷ እንባዋን ውጣ ወደ ሰልፏ ተመለሰች። እኔም ከፋኝ።

መርከቡ ጥቁር፣ ረዥም ነው፤ ጫፉ በጨርቅ አሸብርቋል። በነሱ ወግ የክርስትና እናቱ ስሙን ጠርታ የወይን ጠርሙስ ትሰብርበታለች። ሴትዮዋ መታች። አልተሰበረም። ደገመች፤ አሁንም እምቢ። ካልተሰበረ ገድ የለውም ይባላልና ሕዝቡ ማንሾካሾክ ጀመረ። ከሰልፉ መሃል የሊዲያ ፊት አመድ መስሏል።

እትዬ ዘውዴ ልጇን አየቻትና ብድግ አለች።

"ልጄ የምትገባበትማ ገድ አያጣም!" ብላ እልልታዋን ለቀቀችው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ወንበሬ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ። ሴትዮዋ ግን ሳቀች፣ ክንዷን አጠንክራ ሰነዘረች፣ ጠርሙሱም እንክትክት አለ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ሰልፉ ሲበተን ሊዲያ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እየሮጠች መጥታ እናቷ ፊት ጎንበስ አለች። እትዬ ዘውዴ እጇን በልጇ ራስ ላይ ጫነች።

"እግዚአብሔር መውረድሽንም መውጣትሽንም ይጠብቅ።"

"አሜን" አልን፣ እኔም ሊዲያም እያለቀስን።

አማርኛ የማያውቁት ሁለቱ መርከበኞች ተያዩ። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው፣ ከሊዲያ ጎን ጎንበስ ብለው ተራቸውን ጠበቁ።