ደብቄ ያቆየኋት ስንጥቅ

ትናንት ደሴ፣ ፒያሳ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ አንዲት አሮጌ መኪና ከፊቴ ቆመች። ሞተሯ ከፍ ዝቅ እያለ ይንተፋተፋል፤ ከውስጡ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። "ያለ ቦታዋ አየር እየሳበች ነው" አልኩ ለራሴ። ሹፌሩ ሳልነግረው ሄደ። እኔን ግን ሐሳቤ ቁልቁል ኮምቦልቻ ይዞኝ ወረደ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ በሞተች በዓመቱ ከኩታበር ወርጄ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬያለሁ። ባልደረቦቼ ሲመሽ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ እኔ ወደ ኪራይ ክፍሌ እገባለሁ። ሰው ብቸኝነት ዝምታ ይመስለዋል። እኔ ያወቅኩት ግን በግድግዳ በኩል በሚመጣ የጎረቤት ሳቅ ነው።

ጋሽ ይማም የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ደንበኛችን ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር፣ አርብ አርብ ሊጠይቋቸው ይወጣሉ። መኪናቸው ግን ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ላይ ሞተሯ ይጠፋል። የቤንዚን መተላለፊያው የተደፈነ መስሎኝ ካርቡሬተሩን ፈትቼ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋሁ፤ ማጣሪያውንም ለወጥኩ።

ሰኞ "እስቲ እንሞክራት" ብለው ይዘውኝ ወጡ። ነሐሴ ነው፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጉም ውጦታል። ዳገቱ መሐል ጠፋችብን። ሞተሩ እስኪበርድ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው ለሁለት ሰበሩትና፣ "የእናትህ ስም ማን ነበር?" አሉኝ። ከሞተች ወዲህ ስሟን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ በሌላው ጫፍ ሞተሩን ዙሪያውን ሳዳምጥ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። አንዲት ቀጭን የአየር ቱቦ ከሥሯ ተሰንጥቃለች። በጣቴ ስደፍናት ሞተሩ ረጋ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር።

ጣቴን አነሳሁ።

"ገና አልታወቀም፤ እንደገና እንሞክራት" አልኳቸው። ረቡዕም ወጣን፤ ሐሙስም ወጣን። ሁለቱንም ቀን በቆሎ በላን፤ እኔም ስለ እናቴ አወራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ይማም ያለ መኪና መጡ። "ትናንት ሐረጎ ላይ ቀረችብኝ" አሉ። "ሚኒባስ አግኝቼ እስክደርስ የመጠየቂያው ሰዓት አልፎ ከበር መለሱኝ። ዘሃራ ሻሿን አሳምራ ስትጠብቀኝ ዋለች አሉ።"

"ጋሽ ይማም፣ ብልሽቷን ካወቅኩት አራት ቀኔ ነው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ከዳነች እርስዎ ይቀሩብኛል ብዬ።"

"ወላሂ ልጄ" አሉ፣ "ብቸኛ ነኝ ብትለኝ እኮ ያለ መኪናም እመጣልህ ነበር።"

አብረን ሄደን መኪናዋ በቆመችበት ቱቦዋን ቀየርኩላቸው። ዳገቱን አንድም ጊዜ ሳትጠፋ ወጣችው። ስንለያይ "ዘሃራ ስትወጣ ቤት ና፤ አብረን እንበላለን" አሉኝ።

እትዬ ዘሃራ በመስከረም ድነው ወጡ። ጋሽ ይማም ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብኝ። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እያልኩ ሳመነታ ዓመት አለፈ፤ ሥራ ለውጬም ከኮምቦልቻ ወጣሁ። ዳግመኛ አልተገናኘንም።

ዛሬ ዕድሜዬ እሳቸው ያኔ የነበሩበት ደርሷል። ለውሸቱስ ይቅር ብለውኛል፤ የሚቆጨኝ ይቅር ከተባልኩ በኋላ መቅረቴ ነው። አሁን "ቤት ና" የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ሳምንት አላሳልፍም፤ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። እንዲያ የሚለኝ ሰው ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል።