በሚስማር የጫርኩት ምልክት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። የንስሐ አባቴ ቤቴ መጥተው ጸበል ሲረጩ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህንን ዘለልኩት። እናንተንም ቢሆን አምኜ አይደለም የምነግራችሁ፤ እኔ ማንን አምኜ አውቃለሁ? ዝም ማለቱ ስላቃጠለኝ ነው።

ባለቤቴ መስፍን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሴኩሪቲ ሆኖ ሲሠራ የገዛው አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበረው። ሥራውን ሲተው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ቆልፎ አስቀመጠው። አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ ቤዝመንቱን ውሃ ሞላውና ሽጉጡ ዛገ። ቤዝመንቱ ውስጥ የሚኖረው የመስፍን ታናሽ ወንድም ጌቱ ነበር። “እኔ እያለሁ ነው የተበላሸው” ብሎ ሲጨነቅ ሰነበተና፣ ሽጉጡን የሠራው ፋብሪካ ራሱ አሮጌ ሽጉጥ እየተቀበለ እንደሚያድስ ኦንላይን አገኘ። በመስፍን ስም ፎርሙን ሞላለት፤ ፋብሪካው የሚያሽጉበትን ሳጥን ላከ።

እኔ ግን ጠረጠርኩ። አባቴ አዲስ አበባ ሹፌር ነበር፤ መኪናውን ጋራዥ ከማስገባቱ በፊት፣ እንዳይቀይሩበት፣ ባትሪውን በሚስማር ጭሮ ምልክት ያደርግበት ነበር። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና ሳጥኑ ሳይታሸግ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ከእጀታው ከፍ ብሎ ብረቱ ላይ ትንሽ መስቀል ጫርኩ። ማንን ነበር የጠረጠርኩት? ፋብሪካውን? አይደለም። ጌቱን ነው፤ ሳጥኑን አሽጎ የሚልከው እሱ ነበርና።

ከወራት በኋላ ሽጉጡ ተመለሰ። ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ እጀታው አዲስ እንጨት ነው። መስቀሌን ፈለግኩ፤ የለም። መነጽሬን አድርጌ ፈለግኩ፤ የለም። በቃ፣ አልኩ በልቤ፣ የወንድሙን ሸጦ ሌላ አምጥቶ ነው። ፋብሪካውን በስልክ ብጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቅኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዘመድ ሁሉ ቤታችን በተሰበሰበበት፣ “ይሄ የመስፍን ሽጉጥ አይደለም፤ እኔ ምልክት አድርጌበት ነበር” አልኩ።

የጌቱ ፊት አመድ መሰለ። “እትዬ አስቴር፣ ፋብሪካው ሞርዶት ነው እኮ። ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ይዩት፤ ጋሼ ሲገዛው የተሰጠው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው” አለኝ። ወረቀቱ ተፈለገ፤ ጠፋ። መስፍን ወንድሙን ቀና ብሎ ሳያይ “ከቤቴ ውጣልኝ” አለው። በዚያው ሳምንት ጌቱ ልብሱን በሻንጣ ይዞ ሄደና ሴቨን ኮርነርስ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየ። እኔ ደግሞ ሌባውን አስወጣሁት እያልኩ ስንቱ ጋ ደወልኩ።

እስከዚህ ድረስ ያደረግኩት ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ኃጢአቴ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከወር በኋላ የድሮ የታክስ ወረቀቶች ሳገላብጥ የሽጉጡ የግዢ ወረቀት ከመሃላቸው ወጣ። ሽጉጡን አወጣሁና ቁጥሩን አንድ በአንድ አስተያየሁ። ያው ነው። ደግሜ አየሁት። ያው ነው። መስቀሌን ያጠፋው ፋብሪካው ነበር፤ እንዲያድሰው አይደል የተላከለት? ታዲያ ምን አደረግኩ? መስፍንን ጠራሁት? ጌቱን ኮል አደረግኩት? ወረቀቱን ቀዳድጄ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት። እኔ ነኝ የቀደድኩት፤ እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ።

መስፍን ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እጁን ይዤ እንደተቀመጥኩ “ያ ልጅ ግን ምን አጉድዬበት ነው?” አለኝ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እኔ ትራሱን አስተካከልኩለት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ ጌቱ መጣ። ሰዉ ቀለል ሲል አጠገቤ ተቀመጠና “እትዬ፣ ጋሼ አምኖኝ ነው የሞተው?” ብሎ ጠየቀኝ። “አምኖህ ነው” አልኩት። ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ አስቤዛዬን ይሸከምልኛል፣ ሐኪም ቤት ያመላልሰኛል፣ “እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ አብድ ነበር” ይለኛል። እኔ ክፉ ደግሞ ይህንንም እጠረጥራለሁ። አውቆ ይሆን? ከራሴ አፍ እስኪሰማው እየጠበቀኝ ይሆን? ደግነቱን እንኳ አምኜ መቀበል አቃተኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ሲመጣ ይህን ጽሑፍ አስነብበዋለሁ። ይቅር በለኝ አልለውም፤ በምን አፌ? ለምን ቀደድሽው ቢለኝ ግን መልሱን እዚሁ ያገኘዋል። ጌቱ፣ አስቴር ሰው አዋረደች ከሚሉኝ አንተ ሌባ ሆነህ ብትቀር ይሻለኛል ብዬ ነው። ወንድምህ አምኖህ አልሞተም። እንዳያምንህ ያደረግኩት እኔ ነኝ።