ጋዜጣ አንጣፊዋ

አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጣ የጫማ ካርቶን በብብቷ ሸጉጣ ከድርጭት ማርቢያው በር ትደርሳለች። ሽርጧ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ግራ እግሯን ስለምትጎትት የዚያኛው ጫማዋ ጫፍ ተፍቆ አልቋል።

አንድ አርብ አዛውንቱ ጥበቃ መፈተሽ ግዴታቸው ነውና ካርቶኑን ከፈቱት። እግራቸው ግራና ቀኝ ተከፍቶ መቆም ያቃታቸው፣ ባለቤቱ ጣሉልኝ ያላቸው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ጫጩቶች ናቸው።

"ይድናሉ እንዴ ልጄ?"

"በሦስት ቀን ይራመዳሉ።" ከኪሷ ቀጭን ፕላስተር አውጥታ እዚያው ቆማ የአንዱን ሁለት እግሮች፣ መሃላቸው ትንሽ ክፍተት ትታ፣ አቆራኘቻቸው። "ቤት ሻካራ ጨርቅ ላይ ነው የማቆማቸው። እዚህ የሚጎዳቸው ከሥራቸው የሚነጠፈው ልሙጥ ጋዜጣ ነው፤ ያንሸራትታቸዋል።"

ጥበቃው ክው አሉ። ባለቤቱ ስንት ሐኪም አመላልሷል፣ ስንት መድኃኒት በጥብጧል።

"ታዲያ ምነው ብትነግሪው?"

"የተቀጠርኩ ሰሞን ነግሬው ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። 'መጀመሪያ የራስሽን እግር አቃኚ' አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እርስዎም ስቀዋል፣ አባባ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ እሳቸው ጨርሶ ረስተውት ኖሯል። ጫጩቶቹን አዩ።

እሷ ካርቶኑን ቀስ ብላ ከደነችው።

"ጋዜጣውን የማነጥፈው እኔ ነኝ" አለች። "አንድም ቦታ እንዳይጨማደድ አድርጌ።"