ያልተሮጠው አርባ ያርድ

ቨርኒስ ሆሎዌል ሰው ሲሮጥ እግሩን አታይም። የምታየው አንገቱን ነው። አንገቱን ያጠነከረ ሯጭ ጉልበቱን በከንቱ ያባክናል፣ አንገቱን ያላላ ግን ከመሬቱ ጋር ሳይጣላ ይሄዳል ባይ ነች። ይህን የተማረችው በኢንዲያናፖሊስ ምሥራቁ ሰፈር፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሩጫ ስታሰለጥን ነው። ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመት ቢሆናትም ዓይኗ ጡረታ አልወጣም። አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው እንኳ ብታይ "አምስት ነጥብ ዘጠኝ፤ ቦርሳውን ቢጥል አምስት ነጥብ አምስት" ብላ ታልፈዋለች።

የካቲት ሲመጣ የአገሩ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች በሙሉ ወደዚህች ከተማ ይጎርፋሉ። ከኮሌጅ የወጡትን ልጆች ያስሮጣሉ፣ ያዘልላሉ፣ የመዳፋቸውን ስፋት ሳይቀር ይለካሉ። ያን ሰሞን ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው ከተገኘ እንግዳ መሆን አለበት። ቨርኒስ ደግሞ ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው ቁጭ ብላ የሃያ ልጆች ስም ትጽፍና ከየስሙ ጎን አርባውን ያርድ በስንት ሰከንድ እንደሚጨርሱ ታስቀምጣለች። ወረቀቱ የሚለጠፈው በክሊዮፈስ ታንዲ ፀጉር ቤት ትልቁ መስታወት ላይ ነው። አንዴ ከተለጠፈ አይሰረዝም፣ አይደለዝም። የሰፈሩ ሬዲዮ ጣቢያም መጥቶ ይገለብጠውና ጠዋት ጠዋት ያነበዋል።

ክሊዮፈስም የራሱ ትንበያ አለው። የሱ ነገር የኳርተርባኮች ነገር ነው። ጨዋታውን የሚመሩት፣ ኳሷን የሚወረውሩት እነዚህ ሰዎች ውድድሩ አልቆ ሜዳው ሲዘጋ ከቡድን ቡድን ይዘዋወራሉ፤ ማን ወዴት እንደሚሄድ ክሊዮፈስ ከቶንዶሱ በላይ እየጮኸ ይተነትናል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልቀናውም። ድምፁ ግን በዚህ ምክንያት ዝቅ ብሎ አያውቅም።

"ሽማግሌው ኳርተርባክ ዘንድሮ ወደ ቴክሳስ ነው፣ ጻፉልኝ!" አለ ያን ዓመት፣ የአንዱን ደንበኛ ጭንቅላት በእጁ እንደያዘ።

"አምናም ቴክሳስ ብለህ ነበር" አለችው ቨርኒስ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሯ። "ሰውየው የት ሄደ?"

"ቤቱ ቀረ። እሱ የሰውየው ጥፋት ነው እንጂ የኔ አይደለም!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቨርኒስ ተነሥታ የዓመቱን ወረቀት ለጠፈች። ሰው ሁሉ ወደ መስታወቱ ተንጋጋ፤ ዓይናቸው መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። "ማርኬል ዊንፊልድ፣ አራት ነጥብ ሦስት ስምንት" ይላል።

ማርኬል የሰፈሩ ልጅ ነው። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሦስት ዓመት በኳርተርባክነት ተጫውቷል። ኮሌጁ ትንሽ በመሆኑ ወደ ትልቁ ፈተና አልተጠራም፤ የሱ ተስፋ መጋቢት ላይ ኮሌጁ ራሱ በሚያዘጋጀው የሙከራ ቀን ነው። ለኳርተርባክ አራት ነጥብ ሰባት ጥሩ ነው። አራት ነጥብ ሦስት ስምንት ማለት ግን የኳስ ወርዋሪ ሳይሆን ከፖሊስ የሚያመልጥ ሰው ፍጥነት ነው።

"ወይ ቨርኒስ! እውነትሽን ነው?" አለ ክሊዮፈስ።

"እኔ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ?"

ሰዎቹ ጮኹ፣ ትከሻዋን መቱ፣ አንዱማ ግንባሯን ሳማት። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብቻ አላላትም፣ ኮራች። የራሷ ሰፈር ልጅ ይህን ያህል ሲፈጥን ያየችው እሷ ብቻ መሆኗ ልቧን ሞቅ አደረገው። በማግስቱ ቁጥሩ በሬዲዮ ሲነበብ ምድጃው አጠገብ ቆማ ለብቻዋ ሳቀች።

በአምስተኛው ቀን የማርኬል እናት ዶኔታ ፀጉር ቤቱን በርግዳ ገባች። ዶኔታ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነች፤ ያን ቀን የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ለክሊዮፈስ ሰላምታ ሳትሰጥ በቀጥታ ቨርኒስ ፊት ቆመች።

"ኮች፣ ምን በድያለሁ?"

"ምን ሆንሽ ልጄ? ተቀመጪ እስቲ።"

"አልቀመጥም! ትናንት አንድ ቡድን ለማርኬል ደውሎ ነበር። ልጄ መሬት አልነካ አለ፣ በደስታ። ምን አሉት መሰልዎት? 'በሙከራው ቀን ጓንት ይዘህ ና።'"

 ጓንት የሚያጠልቁት ተቀባዮች፣ ኳስ አሳደው የሚይዙት ናቸው። ኳርተርባክ ጓንት ይዞ ይምጣ ከተባለ ውርወራውን ሊያዩ አይደለም የሚመጡት።

"ቁጥሩን ሰምተናል አሉት" ቀጠለች ዶኔታ። "የርስዎን ቁጥር! ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሲወረውር የኖረ ልጅ ነው። ጭንቅላቱ ሙሉ ጨዋታ ነው። ግን ጥቁር ልጅ ነው፣ ቁመቱም አጠር ያለ ነው፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ፈጣን ነው ብለው በሬዲዮ አስነገሩለት። ከዚህ በኋላ ማን ጭንቅላቱን ያይለታል? እግሩን ብቻ ነው የሚያዩት!"

"አሁን እኮ ዘመኑ ተለውጧል…" ብሎ ጀመረ ክሊዮፈስ።

"ለትልቅ ኮሌጅ ልጅ ተለውጦ ይሆናል። አንተ ዝም ብለህ ላጭ!"

ክሊዮፈስ ዝም ብሎ መላጨት ቀጠለ።

 ይህን ነገር ሌላ ሰው ቢዘነጋው ይቅር ይባላል፤ ቨርኒስ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ከኦቲስ ጋር ኖራለች። ባሏ ኦቲስ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የከተማው ምርጥ ወርዋሪ ነበር። ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ቀን አስሮጡት፣ ሰዓቱን አዩ፣ ሌላ ቁጥር ያለው ማልያ ሰጥተው ወደ ተከላካዮቹ ክፍል ላኩት። ከዚያ ወዲያ በጨዋታ ላይ አንዲት ኳስ አልወረወረም። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እስኪሞት ድረስ ድንች ከጓዳ ወርውሮ ሲያቀብላት እንኳ በቀጥታ መዳፏ ላይ ነበር የሚያሳርፍላት። ስለ ኮሌጁ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሷም ይህን ሁሉ እያወቀች በገዛ እጇ የልጁን ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጠፈች። አፈረች፤ ከአንገቷ በላይ አይደለም፣ ከአንጀቷ አፈረች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "አስተካክለዋለሁ።"

"ምኑን ነው የሚያስተካክሉት? ከሰው ጆሮ ማውጣት ይቻላል?"

 ዶኔታ በሩን ሳትዘጋው ሄደች። ቨርኒስ ተነሣች፣ ከክሊዮፈስ መደርደሪያ ላይ መቀስ አነሣችና የወረቀቱን የመጨረሻ መስመር ቆርጣ ኪሷ ከተተች።

"አይደለዝም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?" አለ ክሊዮፈስ።

"አልደለዝኩም። ቆረጥኩ።"

በማግስቱ ጠዋት ከኮሌጁ ሜዳ ስትደርስ ማርኬል ለብቻው አነሳስ ይለማመድ ነበር። ውርወራ አይደለም፣ ሩጫ። አንገቱ እንዴት ላላ ይላል! ለራሷ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያውም ተናደደች።

"ኮች! መጡ? ይመልከቱኝ እስቲ፣ አራት ነጥብ ሦስት ስምንት አመጣለሁ?"

"ጓንቱን ገዛህ ወይ?"

ልጁ ቆመ፤ ፈገግታው ጠፋ። "እናቴ ነገረችዎት።"

"ነገረችኝ አይደለም፣ ገረፈችኝ። ደግ አደረገች። ስማኝ ማርኬል፣ ምን መሆን ነው የምትፈልገው?"

"ኳርተርባክ" አለ፣ ቅር ብሎት። "ይህ ይጠየቃል?"

"እንግዲያው ለምን ትሮጣለህ?"

"ኮች፣ ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ የርስዎ ወረቀት ላይ ስሜን ማየት ነበር ምኞቴ። አሁን ስሜ ወጣ። ባልሮጥ ሰው ምን ይላል? ፈራ ይላሉ።"

"ይላሉ።"

"እርስዎም ልክ መሆንዎን ማየት አይፈልጉም?"

ቨርኒስ ሣሩን አየች። "እንዴት አልፈልግ! ከማንም በላይ እፈልጋለሁ። የመጣሁትም ይህንኑ ልነግርህ ነው፦ የኔን ፍላጎት አትስማ። ቁጥሩን ያወጣሁት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው፤ አንተም አልጠየቅከኝም። ከፈለግህ ሩጥ፣ እኔም በየዓመቱ የሙከራ ቀን እንደማደርገው ሜትሩን ዘርግቼ ሰዓቱን እይዛለሁ፤ በአውራ ጣቴ አላጭበረብርም። ግን ከሮጥክ በኋላ ያ ቁጥር ወረቀት ላይ ይገባል፣ ሕይወትህን ሙሉ ከስምህ ፊት ይሄዳል። ምርጫው ያንተ ነው።"

 ማርኬል ኳሶቹ ወዳሉበት ጆንያ ሄደና አንዷን አወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአምስት ሳምንት ቨርኒስ በየጠዋቱ ሜዳ ትወርድ ነበር። ስለ ውርወራ የምታውቀው ስለሌለ የምታሰለጥነው ነገር አልነበራትም። ሥራዋ ኳስ መልቀም ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ በወገብ ሕመምዋ፣ በዚያ ብርድ፣ የወደቀውን እያነሣች ወደ ጆንያው ትመልሳለች። መጀመሪያ ሰሞን በቀን ሠላሳ ትለቅም ነበር፤ መጨረሻ ላይ ስድስት ሰባት ብቻ ሆነ። ዶኔታ ይህን ሰምታ አንድ ጠዋት መጣች፣ በአጥሩ በኩል ቆማ አየቻት። ቴርሞስ ሙሉ ሾርባ አጥሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች።

በሙከራው ቀን ለቡድኖቹ ተጫዋች የሚመርጡ ዐሥራ አንድ መልማዮች መጡ። ቨርኒስ እንደየዓመቱ ረጅሙን ሜትር ዘርግታ አርባውን ያርድ ለካች፤ ሜዳው ላይ በቀለም የተሰመረውን መስመር አታምነውም። ሌሎቹ ልጆች ተራ በተራ ሮጡ። የማርኬል ስም ሲጠራ "እኔ እወረውራለሁ" አለ። ስልሳ ኳስ ወረወረ። አጭሩንም፣ ረጅሙንም፣ እየሸሸ ጭምር ወረወረ፤ መሬት የነኩት አራት ብቻ ናቸው።

ግራጫ ጃኬት የለበሰው መልማይ እያጨበጨበ ቀረበ። ጓንት ይዘህ ና ያለው ሰው እሱ ነው።

"ጥሩ ነው ልጄ። አሁን አንድ ሩጫ ብቻ፣ ለወረቀቱ።"

"አልሮጥም ጌታዬ።"

"ምነው? ሬዲዮው ዋሸ እንዴ?" ሰውየው ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ ሳቀ። "ወይስ አሮጊቷ ናት ያበደችው?"

ቨርኒስ መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓቷን ይዛ ቆማለች።  ማርኬል ወደ እሷ አየ፣ ከዚያ ወደ መልማዩ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መነሻው ሄደ።  መልማዮቹ ተሯሩጠው ከጎኗ ተደረደሩና አውራ ጣታቸውን በየሰዓታቸው ላይ ጫኑ። ማርኬል በመነሻው መስመር ላይ ጎንበስ አለ፣ እጁን ወደ መሬት ሰደደ። 

የሜትሩን ጫፍ አንሥቶ ቀና አለ።

"ኮች! ይጠቅልሉት፣ ጨርሰናል!" ሲል ጮኸ።

ቨርኒስ ጠቀለለች። ሜትሩ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ እሷ መጣ። ከዐሥራ አንዱ ስምንቱ የዚያኑ ሰዓት መኪናቸውን አስነሡ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን የፈጀው የቡድኖቹ የአዲስ ተጫዋች ምርጫ የማርኬል ስም ሳይጠራ አለቀ። ቅዳሜ አመሻሽ ነበር። ዶኔታ ቤቷ ዓሣ ጠብሳ፣ መኮሮኒ በቺዝ ጋግራ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ቨርኒስና ክሊዮፈስ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ከምርጫው የተረፉትን ልጆች ቡድኖች በስልክ የሚለቅሙት በዚያ ሰዓት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

ማርኬል ገና ሃሎ ከማለቱ "በምን ቦታ?" ብሎ ጠየቀ። አዳመጠ። "አመሰግናለሁ ጌታዬ። እኔ ኳርተርባክ ነኝ" ብሎ ዘጋው።

"ተቀባይ?" አለች ዶኔታ።

"ተቀባይ።"

ዶኔታ አፏን በእጇ ያዘች። ቨርኒስ ወለሉን እያየች ቀረች። ያንን ቁጥር ባላወጣ ኖሮ፣ አለች በሆዷ፤ ወይም ሩጥ ብለው ኖሮ፣ አለች ደግሞ። የትኛው እንደሚብስ አላወቀችም። አርባ ደቂቃ አለፈ። 

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"በምን ቦታ?" አለ ማርኬል፣ በዚያው ድምፅ።

ሰውየው ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሁሉም ሰሙት። "ኳርተርባክ። አራተኛው ነህ። ነሐሴ ላይ ከአራቱ ሁለቱ ይሸኛሉ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ አንዱ አንተ የምትሆን ይመስለኛል። ትመጣለህ?"

"መቼ ልምጣ?"

ዶኔታ መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ አቀፋት። ከዚያ ቨርኒስን በዓይኗ ፈለገቻት፣ እጇን ዘርግታ ሳበቻትና ሦስቱም ወለሉ ላይ ሆኑ። የቨርኒስ ወገብ ጮኸ፤ ይጩህ አለች።

ዕንባው ጋብ ሲል ክሊዮፈስ አላስችል አለው።

"በይ እንግዲህ፣ አሁን ጉዳት የለውም። በኛ መካከል ይቅር፤ ቢሮጥ ኖሮ ያንን ቁጥር ያመጣው ነበር?"

"የምን ቁጥር?" አለች ቨርኒስ። "ልጁ ኳርተርባክ ነው።"