ሁሉንም የምታቆም ቁልፍ

ባሌን በሚሠራበት ሆስፒታል «ፍላሹ» ነው የሚሉት። አንገቱ ላይ ፍላሽ አንጠልጥሎ ከክፍል ክፍል ሲዞር ስለሚውል ነው። ሁለት መቶ አርባ ኮምፒውተር አለ። የሁሉንም ሲስተም የሚያድሰው እሱ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ለዚያውም ሥራ በሚቀንስበት ቅዳሜ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቅዳሜ ባል አልነበረኝም። ቤት ሲመጣም አያርፍም፣ ቁጭ በል ስለው አንዱ እግሩ ይቀመጣል፣ ሌላው ወለሉን ይደልቃል። አማቴ «ምን ላድርግልሽ ልጄ፣ ሆዴ ውስጥም ይዞር ነበር» ይሉኛል።

ዘንድሮ ስምንት ዓመት የሞላት ልጃችን በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን የራሷን ግጥም እንድታነብ ተመረጠች። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አምና መዝሙር ነበራት፤ አባቷ ቀረ። ካቻምና ሩጫ ነበራት፤ ቀረ። በር ላይ ጫማውን ሲያስር ጠብቃ «አባዬ፣ የማትመጣ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፣ ወንበር አልይዝልህም» አለችው። አንጀቴን በላችው።

እሱንም እልህ ያዘው። ሦስት ወር ለፍቶ ኮምፒውተሮቹ በየተራ ራሳቸውን የሚያድሱበትን ፕሮግራም ሠራ። አለቃው «እሺ፣ ሞክረው» አለው፤ «ግን አንዴ ከተሰናከለ በቃ፣ ወደ ፍላሽህ ትመለሳለህ።» ይህ ከሠራ ቅዳሜ ለዘለዓለም የእኛ ነው።

መነካት የሌለበት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ የላቦራቶሪው። ከሱ ጋር የተያያዘው የደም መመርመሪያ ያረጀ ስለሆነ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አይግባባም። ስለዚህ ቁጥሩን፣ ሃምሳ ሰባትን፣ ከዝርዝሩ አወጣው። ቁጥሩን ያየው ኮምፒውተሩ ላይ ከለጠፋት ወረቀት ነው፤ በገዛ እጁ የጻፋት ስለሆነች አላጠራጠረችውም። ለክፉ ቀን ደግሞ ስልኩ ላይ ሁሉንም የምታቆም አንዲት ቁልፍ አስቀመጠ፤ እሷ ከተነካች ፕሮግራሙ ተሰናከለ ማለት ነው። አንዱን ብቻ ለይቶ ለማስቀረት ግን ቢሮው ድረስ መሄድ ነበረበት።

ቅዳሜ ደረሰ። ባሌ ፕሮግራሙን አስጀመረና የትምህርት ቤቷ አዳራሽ ገባን። ልጅቷ ወደ መድረኩ ጀርባ ሄደች። እሱ በተያዘለት ወንበር ተቀምጦ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። «መቶ አሥር አለቀ» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ «መቶ ሠላሳ።» ከፊታችን ያሉት ሴትዮ ዞር ብለው እግሩን ገላመጡት።

«ወይ እግርህን ያዘው፣ ወይ ውጭ አስቀምጠህ ና» አልኩት።

ያኔ ስልኩ ጠራ። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ናት። ድምጿ ለእኔም ይሰማል።

«ወንድሜ፣ ኮምፒውተሬ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እታደሳለሁ ይለኛል። ምን ጉድ ነው?»

«ያንቺ እኮ ወጥቷል። ሃምሳ ሰባት አይደለሽ?»

«ወረቀቱስ ሃምሳ ሰባት ነው የሚለው። ግን ክፍሉ ቀለም ሲቀባ እንዳይበላሹብህ ብለን ወረቀቶችህን አንስተን ነበር። ስንመልስ የእኔና የመዝገብ ቤቷ ተምታቶ ይሆናል። ላጥፋው እንዴ?»

«ማሽኑ ውስጥ ናሙና አለ?»

«የሕፃን ደም ነው፣ ገና አልጨረሰም። ማጥፋትማ አልችልም።»

ከመቀመጫው ተነሣ። ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱ ከሮጠ በአምስት ይደርሳል። ከደረሰ ፕሮግራሙም ይተርፋል፣ የሚመጡት ቅዳሜዎችም ይተርፋሉ። ካልደረሰ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው። ልክ በዚያች ሰዓት ልጃችን መድረኩ ላይ ወጣች። ወረቀቷን ዘርግታ ቀና ስትል ቆሞ አየችው። ወረቀቷን መልሳ አጠፈች።

ክንዱን ልይዘው ነበር፤ ግን ተውኩት። አሥራ አንድ ዓመት ይዤው አላውቅም እንዴ? ምን ፈየደልኝ?

ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ቁልፏን ተጫነና ተቀመጠ። እግሩ ቀጥ አለ። እንዲህ ሲቀመጥ አይቼው ስለማላውቅ ያመመው መሰለኝ።

ግጥሙ ስለ ጫማ ነበር፤ ማታ በር ላይ ስለሚያድር፣ ጠዋት ሲነሡ ስለማይገኝ ጫማ። ባሌ አለቀሰ፣ እኔም አላስቻለኝም። የሕፃኑ ውጤት በሰላም ወጣ፤ አንድ መቶ ኮምፒውተር ግን ሳይታደስ ቀረ።

ሰኞ አለቃው አስጠራው። «አሥር ደቂቃ አይደለም እንዴ መንገዱ?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ሁሉንም ያቆምከው?»

«ልጄ ግጥም እያነበበች ነበር።»

አለቃው ቃሉን አላጠፈም። ፕሮግራሙ ታገደ፣ ፍላሹም አንገቱ ላይ ተመለሰ። እኔ በንዴት ባሌን እስከ ማታ ላላናግረው ምዬ እስከ ምሳ ብቻ ቻልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማውን ሲያስር ልጅቷ መጥታ አጠገቡ ቆመች። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ሂድ በቃ፣ አባዬ» አለችው። «ለከርሞም ወንበር እይዝልሃለሁ።»